ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያና የሦስተኛ ዲግሪ ጥያቄያችን

የሕክምና ምህንድስናና የኮሙዩኒኬሽን ምህንድስና በሚገናኙበት መስክ ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ተማሪ ርዕስ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኮምፒውተሩ ነው። ሌላ አገር የተሰበሰበ ዳታ ያወርዳል፣ ሞዴል ያሠለጥናል፣ ከቀደመው ጽሑፍ ጥቂት የተሻለ ውጤት ያገኛል፣ ያሳትማል፣ ይመረቃል። ሥራውን አላቃልለውም፤ እንቅልፍ የሚያሳጣ ሒሳብ አለበት። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ ሲኬድ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል፦ ይህ ቁጥር የተለካው በማን ሰውነት ላይ ነው? በእኔ እምነት የኢትዮጵያ የዶክትሬት ተማሪ በዚህ መስክ ሊያበረክተው ከሚችለው ሁሉ ትልቁ የመሣሪያዎቻችንን ስህተት በራሳችን ሰው ላይ፣ በራሳችን ሆስፒታልና በራሳችን ከፍታ መለካት ነው። ነገሩ በስሜት የተነገረ እንዳይመስል አንድ መሣሪያ ይዤ ልሂድበት።

መሣሪያው ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በኮቪድ ጊዜ ከሆስፒታል ወጥቶ በየቤቱ ስለገባ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይመጥጡም። ችግሩ ጣት ውስጥ ደም ብቻ አለመኖሩ ነው፤ ቆዳም፣ ሥጋም፣ አጥንትም አለ። ይህን ቋጠሮ የፈታው ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ልብ የሚረጨውን የደም መጠን በቀለም ሊለካ ሲሞክር የደም ሥር ትርታ ልኬቱን እየበጠበጠ አስቸገረው። ትርታውን ለማጥፋት ሲታገል ቆይቶ፣ የሚፈልገው መልእክት እዚያው ትርታው ውስጥ መሆኑን አስተዋለ። የሚርገበገበው የደም ቅዳ ደም ነውና፣ የሚለዋወጠው ብርሃን ከማይለዋወጠው ከተለየ ቆዳና አጥንት ከሒሳቡ ይወጣሉ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1974 ለሙያ አጋሮቹ አቀረበ። የዶክትሬት ዲግሪውን ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ግን በ1993 ነው፤ ጥያቄው ከዲግሪው በ19 ዓመት ይቀድማል።

እዚህ ላይ የኮሙዩኒኬሽን መሐንዲስ ዓይን ያስፈልጋል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ጣት ማለት ቻናል ነው፤ በአንድ ወገን ላኪ መብራት፣ በሌላው ወገን ተቀባይ ሴንሰር፣ መሀል ላይ ሲግናሉን የሚያደክምና የሚያዛባ መንገድ። የሞባይል መሐንዲስ ቻናሉን በግምት አያልፈውም። በ4ጂ ኔትወርክ ጣቢያው በእያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ውስጥ ስልኩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ምልክት ይልካል፤ ስልኩም የደረሰውን ከሚያውቀው ጋር እያነጻጸረ መንገዱ ምን እንዳደረገበት ያሰላል። ባለስልኩ ከቤት ወደ ጎዳና ሲወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሲገባ፣ ሒሳቡ አብሮት ይቀየራል። የጣቱ መለኪያ ግን የሁለቱን ብርሃኖች ጥምርታ ያወጣና ውስጡ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ላይ ሄዶ «ይህ ማለት 94 በመቶ ነው» ብሎ ያነባል። ሠንጠረዡ የተገኘው ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክሲጅኑ እየተቀነሰ የሚሄድ አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ በየመሀሉ ከደም ቅዳቸው ደም እየተወሰደ ነው። የእነዚያ ሰዎች ጣት የሁላችንም ጣት ተደርጎ ተቆጠረ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ እንኳ ለፍተሻው ቢያንስ 10 ሰዎች ይበቁ ነበር፤ ከእነሱም ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ቢያንስ ሁለት ወይም 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የበዛው፣ እንዲሆኑ ነበር የጠየቀው።

የአዮያጊ ሒሳብ የቆዳን ቀለም ያጣፋል ተብሎ ታምኖ ነበር። መብራቱ ፍጹም አንድ የሞገድ ርዝመት ቢኖረው ኖሮ ነገሩ እውነት በሆነ። መብራቱ ግን ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ይረጫል፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ደግሞ አጠር ያለውን ሞገድ ይበልጥ ይመጥጣል፤ ስለዚህ በጠቆረ ቆዳ ያለፈው ቀይ ብርሃን ሠንጠረዡ የሚያውቀው ቀይ ላይሆን ይችላል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ውጤቱ በሕሙማን ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጁብራንና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በቬንቲሌተር በሚተነፍሱ ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት መሣሪያው በጥቁሮች ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳት አሳተሙ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020፣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ያነበበላቸውን ሕሙማን ከደም ምርመራቸው ጋር አስተያዩ። እውነተኛው ኦክሲጅናቸው ከ88 በመቶ በታች የሆነው ከነጮቹ ንባብ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር። መሣሪያው «ደህና ነህ» ያለው ሰው እየታፈነ ነበር ማለት ነው።

«ሐኪም በአንድ ቁጥር ብቻ አይወስንም፣ በሽተኛውን አይቶ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ኦክሲጅን እንዲሰጥ የሚመክረው ንባቡ ከ90 በመቶ ሲወርድ ነው፣ በዚያ ድንበር ላይ ደግሞ የሦስት ነጥብ ስህተት ሲሊንደር በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለ ልዩነት ነው። የደም ጋዝ መመርመሪያ ባለበት ሆስፒታል ስህተቱ ይታረማል። በሌለበት ጤና ጣቢያ ጣቱ ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ያልፋል። ኢትዮጵያ የሕክምና ኦክሲጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥታ መሣሪያውን ወደ ጤና ተቋማት ለማድረስ ስትጥር ቆይታለች። ጥረቱ የሚመሰገን ነው፤ ያለ መለኪያ ከመሥራት ስህተት ባለው መለኪያ መሥራት በብዙ ይሻላል። የስህተቱን መጠን አውቆ መሥራት ደግሞ ከዚህም ይሻላል።

ጠንካራው ተቃውሞ «ሳይንስ አገር የለውም፣ አምራቾቹ ያስተካክሉታል» የሚለው ነው። የፊዚክስ ሕግ አገር እንደሌለው አምናለሁ። ሠንጠረዥ ግን አገር አለው፤ የተለካበት ሰው አገር። አምራቾቹን በተመለከተ ከ1990 እስከ 2020 ያለው 30 ዓመት በቂ መልስ ይመስለኛል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተፈታኞቹን ቁጥር ወደ 150 የሚያሳድግ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው። የሚቺጋኑም ጥናት የመዘነው ሕሙማኑ ራሳቸውን የጠሩበትን ዘር እንጂ የቆዳቸውን ቀለም በመሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ 11.7 የሚለው ቁጥር ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ተገልብጦ አይመጣም። የእኛ ሕመምተኛ ሌላ ቆዳ፣ ሌላ ከፍታ፣ ብዙ ጊዜ የደም ማነስም ይዞ ይመጣል።

«ነባር መሣሪያን መፈተሽ አዲስ ዕውቀት አይሆንም፣ ለዶክትሬት አይበቃም» ለሚሉ አማካሪዎች የሰሜን ተራሮችን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መዝኖ አማካይ የኦክሲጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። የአንዲስ ደገኞች ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶቹ የኦክሲጅን ሙሌት ዝቅ ይላል፤ የእኛዎቹ እንደ ሁለቱም አልሆኑም። ሄዶ መለካት ብቻውን ሰው ከከፍታ ጋር ስለሚላመድበት መንገድ ዓለም የሚያውቀውን ለወጠ። ልኬቱ የተወሰደው በዚሁ ጣት ላይ በሚሰካው መሣሪያ ነበር፤ ግኝቱን ለማናናቅ አይደለም የማነሳው፣ በደጋ ሰው ጣት ላይ መሣሪያው ስንት ነጥብ እንደሚስት ማወቅ ግኝቱን ያጠራዋል።

ገንዘብስ? በጎ ፈቃደኞችን በላቦራቶሪ ኦክሲጅን እየቀነሱ መፈተን ውድ ነው፣ እሱን ነገ እንጀምር አልልም። የሚቺጋኖቹ ግን ለሕክምና ተብሎ የተወሰደውንና አስቀድሞ የተመዘገበውን 10,789 ጥንድ ንባብ ነው ያስተያዩት። ያስፈለጋቸው መዝገብ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና ትዕግሥት ነው። የባዮሜዲካል ምህንድስና በአዲስ አበባም በጅማም ይሰጣል፤ የሲግናል ፕሮሰሲንግ ሒሳቡም በኤሌክትሪካል ክፍሎቻችን አለ። ስህተቱ በቁጥር ሲታወቅ ነው ቻናሉን በየጣቱ የሚያሰላ፣ እንደ ስልኩ መንገዱን የሚማር መሣሪያ ለመንደፍ የሚቻለው፤ እሱም ራሱን የቻለ ሁለተኛ መመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ርዕስ እየመረጣችሁ ያላችሁ ተማሪዎችና ርዕስ የምታጸድቁ አማካሪዎች፣ ዳታ ከማውረዳችሁ በፊት በቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሂዱ። የደም ጋዝ ውጤትና የጣት መለኪያ ንባብ ከነሰዓታቸው ጎን ለጎን የተጻፉበት መዝገብ ካለ ከእሱ ጀምሩ፤ ከሌለ ከዛሬ ጀምሮ እንዲጻፍ ጠይቁ።