በወር በወር ስንከፍል

እዚህ አሽኬሎን ማሽካንታ (የቤት ብድር) ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሕይወት ኢንሹራንስም አለበት፤ ባንኮቹ ያለዚያ ብድር መስጠት አይወዱም። ገንዘቡ በሆራአት ኬቫ (በቋሚ የክፍያ ትእዛዝ) በየወሩ ከሒሳባችን ይቆረጣል፣ እኛም እንረሳዋለን።

ግን ወኪሉን «ዓመቱን በአንዴ ብከፍልስ?» ብላችሁት ታውቃላችሁ? እንበል የዓመቱ 1200 ሸቀል ነው፤ በወር ከሆነ ደግሞ 105። ልዩነቱ 60 ሸቀል፣ 5 በመቶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያውን 105 ወዲያው ከፍላችኋል፤ ቀሪውም በየወሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከኩባንያው እንደ ብድር የያዛችሁት በአማካይ ከ1200ው ግማሽ ያንሳል፣ ወለዱም ወደ 11 በመቶ ይጠጋል። ለእኔ ይኼ ኢንሹራንስ ውስጥ የተደበቀ ብድር ነው።

የአገር ቤት ዕድርም በየወሩ ይከፈላል፤ ግን በወር ስለከፈልክ ጨምር የሚልህ ዳኛ የለም። መቀጫው ለዘገየ ነው። (ዕቁብ ካላችሁ ደግሞ፣ ዕጣው ሲደርሳችሁ ለዓመቱ ክፍያ ይሆናል።)

በእርግጥ ለወር ከፋይ የማይጨምር ኩባንያም አለ። ደግሞም ከባንኩ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ከሌላ ኩባንያ ማምጣት ይቻላል። ዕድሜ ሲጨምር ክፍያው ስለሚጨምር፣ ሲጋራ ያቆመም ሰው ሊቀነስለት ስለሚችል፣ መጠየቅ አይከፋም።

ምን ምን ኢንሹራንስ በስማችሁ እንዳለ ለማየት ከ2016 ጀምሮ «ሃር ሃቢቱዋህ» የተባለ የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። አክስቴ ስትገባ የመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያው የተሰጠበትን ቀን ጠየቃት። ቀኑን በመነጽር ስትፈልግ ቡናው ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ሁለት ቦታ ስትከፍል እንደኖረች አየን።