ስፌትና እራፊ

በአገራችን ቡአ እንደ ነውር የሚሸሸግ ሕመም ነው። ይልቁንም ተሰፍቶ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ሰው ዕድሉን ወይም ኃጢአቱን ይወቅሳል እንጂ ስፌቱን አይጠይቅም።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በእህል በረንዳ ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ከቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳቸው ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣ። ተሰፋ፤ በሁለተኛው ዓመት ብርቱካን አክሎ ተመለሰ። «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የቁጣ ሳይሆን የስፌት ነው እላለሁ። ቡአ ማለት የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ ሾልኮ መውጣቱ ነው። ያረጀ ነጠላ ሲቀደድ ዳርና ዳሩን ስበን ብንሰፋው፣ ክሩ ሳይበጠስ ጨርቁ ከክሩ አጠገብ ይተረተራል። እራፊ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሆላንድ አገር ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል፤ በጠባሳ ላይ የወጣ ቡአ በክር ብቻ ሲሰፋ በ3 ዓመት ውስጥ ከመቶ 43 ሲመለስ፣ የፕላስቲክ መረብ ሲደረግበት ግን ከመቶ 24 ተመልሷል።

ዛሬ መረቡን ሆድ በሰፊው ሳይቀደድ ማስገባት ተችሏል። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ መረቡም የተከፈተውን ቦታ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ከውስጥ ይያያዛል። የሆድ ግፊት ራሱ መረቡን ከግድግዳው ጋር ይደግፈዋል። ትርፉ ምንድን ነው? ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ የማመርቀዙ ነገር ይቀንሳል። ላለመመለሱ ግን ዋናው አለኝታ መረቡ እንጂ የቀዳዳው ማነስ አይደለም። ደግሞም አንጀት ከአሮጌው ጠባሳ ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል ለሁሉ ሰው አይስማማም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ብነግራቸው፣ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን በእራፊ አልጠገኑትም?» አሉኝ። ጥያቄው የሚገባው ለሐኪም ነው፤ ቁጣ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ሊጠይቀው አይችልም።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ሽማግሌዎቻችንን በአክብሮት እንጠይቅ። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ብርቱ ሕመምና ትውከትም ከተከተለ፣ አንጀት ሊታነቅ ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።