ገሉን ማን ሠራው?

አርባ ምንጭ የተመደብኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። አገሬ ሰሜን ሸዋ ነው፤ የማስተምረው ታሪክና ሥነ ዜጋ። ክፍሌ ውስጥ ከከተማው ሰፈሮች የሲቀላና የሴቻ ልጆች፣ ከዘይሴና ከኮንሶ የመጡ፣ የወላይታ ልጆች፣ ከጨንቻ፣ ከዲታና ከቦንኬ ደጋ ወርደው ቤት ተከራይተው የሚማሩም ነበሩ። ደገኞቹ ዓርብ ማታ ወደ ቤታቸው ወጥተው ሰኞ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሰኞ ይቀራል፣ ከዚያ ማክሰኞም ይቀራል፣ ከዚያ ጭራሽ አይመጣም። የመጣውም ቢሆን ኋላ ወንበር ይዞ ዝም ይላል። ትምህርት ቤቱን እንደ ሰው ቤት ነው የሚያዩት ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም።

የተሳሳትኩት መፍትሔውን ስፈልግ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የግሪክን ታሪክ እወዳለሁ። የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኖቹ ከውጤት ወሬ በቀር ምንም አላመጡም ብዬ ተውኳቸውና ክፍሉን አቴና፣ ስፓርታ፣ ቆሮንቶስና ቴቤስ ብዬ በአራት ቤት ከፈልኩት። ለእያንዳንዱ ቀለም ሰጠሁት፣ መፈክር አወጣሁለት፣ ከትምህርት በኋላ ውድድር አዘጋጀሁ፣ ነጥባቸው በሚኒ ሚዲያ ይነበብ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ግቢው ሞቀ። ሞቅ ያሉት ግን ድሮም የሚናገሩት የከተማ ልጆች ነበሩ። ከትምህርት በኋላ ውሃ ቀድቶ፣ እራት አብስሎ የሚያጠናው የደጋ ልጅ ውድድሩ ላይ ከየት ይገኛል? ባልተገኘ ቁጥር ቤቱ ነጥብ ይቀነስበታል፣ የቤቱ ልጆችም ይቆጡታል። ባይተዋር የነበረውን ልጅ ጭራሽ ጥፋተኛ አደረግኩት። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ነጥብ ሲጨምር ሳይ ሥራዬ የሰመረ መስሎኝ ነበር።

በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ከተማው በቁጣ ተነሣ። ሊበቀሉ በወጡት ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ እባካችሁ ተመለሱ አሉ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነ ረግጦት የሚያልፍ የለም። ወጣቶቹ ተመለሱ። እዚያ መሐል የእኔም ተማሪዎች ነበሩ። እኔ ለአምስት ደቂቃ ዝም ማሰኘት የሚያቅተኝን ልጅ አንድ እፍኝ ሣር መለሰው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ስለ ዱቡሻ መጠየቅ ጀመርኩ። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበት አደባባይ ነው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። እጅ ተቆጥሮ ብዙ ድምፅ ያገኘ አያሸንፍም፤ እስኪስማሙ ይነጋገራሉ፣ ካልተስማሙ ለሌላ ቀን ያሳድሩታል። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ የአቴና ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ኮረብታ እየሣልኩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን ጉባኤው በዓመት 40 ጊዜ ይሰበሰብ እንደነበር እያስጠናሁ፣ የሕዝብ ምክክር ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አስመስዬ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ልጆቹ ግን አባቶቻቸው ሲመካከሩ እያዩ ነው ያደጉት።

አራቱን ቤቶች አፈረስኩ። ወንበሮቹን በክብ አስቀመጥን፣ ክፍሉን ዱቡሻ አልነው። ማርፈድን፣ የመጽሐፍ ውሰትን፣ የጽዳት ተራን በምክክር መጨረስ ጀመርን። የደገኞቹ አንደበት ተፈታ። ከከተማ ልጆች ይልቅ ነገር አዋቂ ሆነው ተገኙ፤ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የተቆጣ ሰው እንዴት እንደሚበርድ ያውቁበታል። ሌሎች መምህራን መጥተው አዩልን። አሁን ገባኝ አልኩ።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከክቡ ወጣ ብላ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ። ዓይን አፋር ናት ብዬ ተውኳት። ካርዷ ላይም «ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን የአቴናን የስደት ድምፅ አሰጣጥ አስተማርኩ። አቴናውያን ኃይሉ ያሰጋቸውን ሰው ስም በሸክላ ስባሪ ላይ ጭረው ይሰጣሉ፤ 6,000 ገል ከተሰበሰበ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል። ልጆቹ እንዲያዩት ብዬ ከቤቴ የተሰበረ ጀበና አምጥቼ ስባሪውን አደልኳቸው። ያቺ ልጅ ገሏን በእጇ አገላብጣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሸክላውን የሠሩት ሰዎችስ ይጽፉ ነበር?»

የማውቀውን ነገርኳት። አቴና ውስጥ ኬራሜይኮስ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነበር። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ መጤዎች ወይም ባሮች ስለነበሩ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሴቶችም እንደዚያው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ደግሞ የአቴናው መሪ ፔሪክልስ ባወጣው ሕግ ከወላጆቹ አንዱ እንኳ አቴናዊ ያልሆነ ሰው ዜጋ መሆኑ ቀረ። አንድ ልጅ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረና ጥቂቶች ሳቁ። የቀሩት አቀረቀሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

የአገሩ ተወላጅ የሆኑ አንድ አንጋፋ መምህር በኋላ ጠሩኝ። «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት» አሉኝ። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች በጋሞ ደጋ ለብዙ ዘመን ተለይተው ኖረዋል። ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ በየካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ እስኪመጣም መሬት አልነበራቸውም። የሚጠሩበትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም እንደ ስድብ ይወረወራል። «በዱቡሻ ከሌላው እኩል አይቀመጡም ነበር» አሉኝ ጋሼ። «አንተ ክፍሉን ዱቡሻ ነው ብለህ አወጅክ። እሷ የት ትቀመጥልህ?»

የጋሞ ነገር ነው ብዬ እንዳላልፈው የራሴ መንደር ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ጠይብ ይባላሉ። ምጣዳቸውን እንገዛለን፣ ማረሻችንን ይስሉልናል፣ ግን ዓይናቸው ይበላል ተብለን እንደበቅ ነበር። እኔም ተደብቄያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ እኩልነት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁትም።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ልጅቷን ስሟን ጠርቼ መሐል ላይ እንድትቀመጥ አደረግኩ። ላከብራት ብዬ ለማያውቀው ሁሉ አሳወቅኩባት። ከዚያ በኋላ ለቀናት ከትምህርት ቀረች። ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ ብቻዬን አታንሣኝ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

መፍትሔ የመሰለኝን እንደገና ከአቴና አገኘሁት። አቴናውያን የአምስት መቶዎቹን ምክር ቤት አባላት የሚመርጡት በዕጣ ነበር። ዕጣ የአባትን ስም አይጠይቅም። አሁን ክፍላችን ውስጥ መቀመጫውም፣ ስብሰባውን የሚመራውም፣ ምርቃቱን የሚከፍተውም በየሳምንቱ በዕጣ ነው። ምክክሩ ግን የዱቡሻ ነው፤ እስክንስማማ እንነጋገራለን። የኮንሶና የወላይታ ልጆችም የአገራቸውን አመራረቅ ያመጣሉ። ዱቡሻን ልተወው ያላሰብኩት የሣሩን ቀን ስላየሁ ነው፤ ያንን ቀን ያየ ሰው ይህን ባህል ንቆ ሊያልፈው አይችልም።

ነገሩ ግን አልተቃናም። ዕጣው ለልጅቷ ደርሶ ስትመርቅ አሜን ያሉት ከክፍሉ ግማሽ አይሆኑም። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው ከእሷ አጠገብ መቀመጡን ሰምተው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ ባህላችንን አስተምራለሁ ብለህ ባህላችንን ታፈርሳለህ አሉኝ። ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን እስኪመሽ ተነጋገርን። አልተስማማንም፤ ልጃቸውን ግን እስካሁን ከክፍሌ አላስወጡትም። በሚቀጥለው ሳምንት አንጋፋውን መምህር ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።