አራት ቀን በሳባ ደሴት

የካሪቢያን ደሴት ሲባል በብዙ ሰው አሳብ ውስጥ የሚመጣው ነጭ አሸዋ፣ የዘንባባ ጥላና በባሕር ዳር ተጋድሞ የሚውል አገር ጐብኚ ነው። እኔ ስለ እርሷ የምጽፍላት ደሴት ግን ከዚህ ሁሉ የራቀች ናት። ሳባ ቋሚ የአሸዋ ዳርቻ የላትም። ከባሕር ውስጥ ብድግ ብላ የቆመች፣ እሳቷን መትፋት ከተወች ብዙ ዘመን የሆናት፣ ዙሪያዋን ገደል የከበባት አምባ ናት። ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ሕዝቧ ወደ 2000 ይጠጋል። ከ2010 ጀምሮ የሆላንድ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች፤ የሕዝቡ መነጋገሪያ ግን እንግሊዝኛ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ወደዚያ የወሰደኝ ስሟ ነው። ሳባ የሚለውን ስም በካርታ ላይ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ይገኛል ብዬ አላምንም። ነዋሪዎቿስ «ሴባ» ብለው ነው የሚጠሯት። የዕረፍት ጊዜዬ በደረሰ ጊዜ አብሮኝ የሚሄድ ጓደኛ ባጣ፣ ሻንጣዬን ብቻዬን አንሥቼ ተነሣሁ።

ከሲንት ማርተን ደሴት የተነሣችው ትንሽ አይሮፕላን ሳባ ለመድረስ የሚፈጅባት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ማረፊያው 400 ሜትር ገደማ ብቻ ርዝመት ያለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ በገደል ወደ ባሕር የሚያበቁ ሜዳ ነው። በዓለም ላይ የመንገደኛ አይሮፕላን ከሚያርፍባቸው ሜዳዎች ሁሉ እጅግ አጭሩ እየተባለ ይጠራል። አይሮፕላኗ ወደ ተራራው ግድግዳ ስትጠጋ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ያዝሁ። በአጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ከገበያ የሚመለሱ መስለው የዕንቍላል ካርቶን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፉ ነበር።

ከማረፊያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ዳርና ዳሩ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። አንዳንዱ መታጠፊያ ከመጠማዘዙ ብዛት የተነሣ መኪናው ወደ ባሕሩ ዘሎ የሚገባ ይመስላል። ባለታክሲው መገረሜን አይቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ሊሠራ አይችልም የተባለው መንገድ ነው» አለኝ። እኔም ነገሩን ለመረዳት በቀሩት ቀኖች ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ሰነበትሁ።

ቀድሞ ወደ ሳባ የሚመጣ ዕቃ በምዕራብ በኩል፣ «መሰላል» በሚባለው ቦታ ከጀልባ ይወርድ ነበር። ይህም በእርግጥ መሰላል ነው፤ በገደሉ ላይ ከአለት የተጠረቡ 800 ደረጃዎች አሉት። ዱቄቱም፣ ሳንቃውም፣ ሕመምተኛውም በሰው ጫንቃና ራስ ላይ ሆኖ ያልፍበት ነበር፤ ፒያኖ እንኳ ሳይቀር ወጥቶበታል ይባላል። እኔ ባዶ እጄን ወርጄ ስመለስ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ዐረፍሁ። በዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው፣ አንድ ኩንታል ዱቄት ማለት ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ በደንብ ይገባዋል።

ሕዝቡ መንገድ እንዲሠራለት ቢመኝም፣ የሆላንድ መሐንዲሶች የተራራውን ቀጥ ማለት አይተው «አይቻልም» ብለው ፈረዱ እየተባለ ይተረካል። በዚህ ጊዜ ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የተባለ የደሴቲቱ ተወላጅ ተነሣ። ይህ ሰው የመሐንዲስነት ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። ያደረገው ነገር ቢኖር ለተልእኮ ትምህርት ቤት ጽፎ፣ በፖስታ የሚላክለትን የመንገድ ሥራ ትምህርት በቤቱ ማጥናት ነው። ሥራው በ1938 ተጀመረ። መሣሪያው ዶማ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ፣ ሠራተኛውም የአገሩ ሰው ነበር። ከፎርት ቤይ እስከ ዋናዪቱ ከተማ ያለው ክፍል በ1943 አለቀ። ከተማዪቱ «ዘ ቦተም» ትባላለች፤ ትርጓሜው «ግርጌ» ማለት ነው፤ ሆኖም ከባሕሩ ወደ እርሷ ለመድረስ ዳገት መውጣት ግድ ነው። መንገዱ በ1951 ዊንድዋርድሳይድ ወደምትባለው መንደር ደረሰ፤ በ1958ም ተፈጸመ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 20 ዓመት መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዪቱ መኪና፣ አንዲት ጂፕ፣ ወደ ሳባ የገባችው በ1947 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍል ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ መንገድ እንጂ መኪና አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ድንጋይ የፈነቀሉት ገና ላላዩት መኪና ነበር ማለት ነው። መንገዱ ካለቀ በኋላም አልተቀመጡም፤ ያንኑ ዶማና ጋሪ ይዘው በደሴቲቱ ያለውን አንድ ደልዳላ ቦታ ጠረጉ። በየካቲት 1959 ሬሚ ደ ሃነን የተባለ አብራሪ በዚያ ላይ ዐረፈ፤ በ1963ም አይሮፕላን ማረፊያው ተከፈተ። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ያረፍሁበት ሜዳ ይኸው ነው።

ያደርሁት በዊንድዋርድሳይድ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ቤታቸው እንደ ሌሎቹ የሳባ ቤቶች ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ቀይ፣ የመስኮቱ ክፈፍ አረንጓዴ ነበር። ደሴቲቱ ወንዝ የላትምና ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ውኃ ከቤቱ ሥር ባለው ጕድጓድ ይጠራቀማል። በጓሮው፣ ከአበባው መካከል፣ የባላቸው መቃብር ይታያል፤ በሳባ ሰው ዘመዱን በግቢው መቅበሩ የቈየ ልማድ ነው። እኔም በለመደ አፌ «እማማ» ብዬ ስጠራቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ብነግራቸው ደስ ብሏቸው ከዚያ ወዲያ «ልጄ» ይሉኝ ጀመር።

ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው ከበፍታ ጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ ዳንቴል ይሠሩ ነበር። የዚህም ሥራ ታሪክ ከመንገዱ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በ1870ዎቹ ገርትሩድ ጆንሰን የተባለች የሳባ ልጅ በቬኔዙዌላ፣ በካራካስ ከተማ ከመነኰሳት ዘንድ ተምራ ስትመለስ ጥበቡን ለአገሯ ሴቶች አስተማረች። ወንዱ መርከበኛ ሆኖ በባሕር ላይ ስለሚኖር ቤቱን የሚጠብቁት ሴቶች ነበሩ። እነርሱም ከአሜሪካ በሚመጣ ዕቃ ላይ የተጻፈውን የነጋዴ አድራሻ እየገለበጡ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር ይባላል። በዚህ ዐይነት ዳንቴላቸውን በፖስታ ሸጠው ልጆቻቸውን አሳደጉ። መርከብ በወጉ የማይጠጋት ደሴት ከዓለም ጋር የተገናኘችው በቴምብር ኀይል ነው ብል አላጋነንሁም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ራስ ወጣሁ። ከፍታው 870 ሜትር ያህል ነው፤ በሆላንድ መንግሥት ግዛት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ተራራ የለም። 1064 ደረጃ ወጥቼ ጫፉ ስደርስ ደመናው ሸፈነኝና ከዛፉ ሽበትና ከራሴ ትንፋሽ በቀር ያየሁትና የሰማሁት የለም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ አሳቡ ይበዛል። እኔንም አንድ ጥያቄ ያዘኝ። በመንደሩ ውስጥ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ተማሪዎች በቀር ወጣት እምብዛም አላየሁም ነበር። የባልቴቲቱም ሦስት ልጆች ሁለቱ በሆላንድ፣ አንዱ በአሜሪካ ነው ያሉት። ታዲያ ሰው 20 ዓመት ተጨንቆ መንገድ የሚሠራው ልጆቹ እንዲሄዱበት ነውን?

ማታ ጥያቄውን እንደ ምንም አለሳልሼ አቀረብሁላቸው። ክራቸውን ሳይለቁ ጥቂት ዝም አሉ።

«መንገዱ ደጃችን ሲደርስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ» አሉ። «አባቴ ድንጋይ ሲያነሣ ይውልና ማታ እናቴ እጁን በዘይት ታሽለት ነበር። ልጄ፣ ልጆቻችንን የወሰደብን መንገዱ አይደለም። መንገድ ሳይኖርም ወንዶቻችን ወደ ባሕሩ፣ በኋላም ወደ አሩባና ወደ ኩራሳዎ ዘይት ማጣሪያ ይሄዱ ነበር። እናቴ ወንድሟን የሸኘችው መሰላሉ ራስ ላይ ቆማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየችውም። የእኔ ልጆች ሲመጡ መኪናው ደጄ ድረስ ያመጣቸዋል። ባለፈው ዓመት ታምሜ ሳለሁ ወንድ ልጄ በሦስተኛው ቀን ከአልጋዬ አጠገብ ነበር።»

ከዚያም ዳንቴሉን ወደ መብራቱ አቅርበው ተመለከቱና፣ «ሰው የሚሄድበት ምክንያት አያልቅም፤ ለሚመለስ ሰው ግን መንገድ ያስፈልገዋል» አሉኝ።

ይህን መልስ ከሰማሁ ወዲህ ብዙ ጊዜ አሰላስዬዋለሁ። ስለ ሃሰል የሚናገር ሰው ሁሉ የሚያደንቀው በፖስታ ተምሮ መሐንዲስ መሆኑን ነው። በእውነቱም የሚደነቅ ነው። ዛሬ ግን ያ ትምህርት ብርቅ አይደለም፤ መርከብ ሳይጠብቅ፣ ቴምብር ሳይገዛ፣ በእጃችን በያዝነው ስልክ መስተዋት ላይ ይመጣል። ብርቅ የሆነው ትምህርቱን ተቀብሎ እዚያው ባለበት ቦታ 20 ዓመት ድንጋይ ላይ የሚያውለው ሰው ነው። ከሃሰል ጋር የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። ሲጀምሩ መኪና አልነበራቸውም፤ ሲጨርሱም ልጆቻቸው በዚያው መንገድ ሄደዋል። ያም ሆኖ የካቡት ድንጋይ ዛሬም ይቆማል፤ ዳቦውን፣ ሐኪሙንና ከሩቅ አገር እናቱን ሊጠይቅ የመጣውን ልጅ ያሳልፋል።

አንባቢ ሆይ፣ በጠረጴዛህ ላይ ያለው መዝገብ ወይም የያዝኸው የማታ ትምህርት ወዴት እንደሚያደርስህ ሳይታይህ ቀርቶ ልብህ የሚደክምበት ቀን ይኖር ይሆናል። በዚያን ቀን፣ መኪና ሳይኖራቸው የመኪና መንገድ የሠሩትን የሳባ ሰዎች አስባቸው።