ፍየል ከመድረሷ

ባሕር ሥር ወርደው፣ ዓሣና ኮራል ሲያዩ ቆይተው በሰላም የሚመለሱ ሰዎች ማንን ያመስግኑ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው ፍየልን ነው። «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቡናን ማግኘቷ ይበቃታል የሚልም ይኖራል። የቡናው ነገር ተረት ሊሆን ይችላል፤ ይኼኛው ግን በ1908 እንግሊዝ አገር በሳይንስ መጽሔት ታትሞ የወጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ከጥልቅ ውሃ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ነበር፤ ሽባ የሚሆኑ፣ የሚሞቱም ነበሩ። ምክንያቱን ፈረንሳዊው ፖል ቤር ቀደም ብሎ ደርሶበታል። ጥልቀት ውስጥ ስንተነፍስ የአየሩ ናይትሮጅን በግፊት ኃይል ደማችን ውስጥ ይሟሟል። ሰውየው በድንገት ሽቅብ ከወጣ፣ የተነቀነቀ አምቦ ውሃ ሲከፈት የሚሆነው ነገር ሰውነቱ ውስጥ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣት እንደሚበጅ ይታወቅ ነበር፤ «ቀስ» ማለት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን የሚናገር አልነበረም።

ጥያቄው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ለነበረው ለጆን ስኮት ሃልዴን ደረሰ። ሃልዴንና ባልደረቦቹ ለንደን በሚገኘው በሊስተር ኢንስቲትዩት የብረት ክፍል ውስጥ ፍየሎች እያስገቡ ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ ያቆያሉ፣ መልሰው ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ያያሉ። ፍየል የተመረጠችበት ምክንያት በቀላሉ ከሚገኙት እንስሳት ውስጥ በክብደት ለሰው የምትቀርበው እሷ ስለሆነች ነው። ያመማት ፍየል አንድ እግሯን፣ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱን፣ አንጠልጥላ ትቆማለች። ሊቃውንቱ የሚጠብቁት ምልክት ይህ ነበር። የሞቱም አሉ። ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ የሚያዘው ሰንጠረዥ የተሠራው በእነዚህ በተንጠለጠሉ እግሮች ነው። ዛሬ በጠላቂ ክንድ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር ሲጮህ «ጥቂት ቆይ» የምትለው የለንደን ፍየል ናት ማለት ነው።

የጠላቂው መተንፈሻ ትውልድ ደግሞ ከዚህ የባሰ የተዘበራረቀ ነው። ፊልም ላይ ጀግናው መቃ ጎርሶ ውሃ ውስጥ ሲደበቅ አይተናል። ለአንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያስኬዳል፤ ሜትር ካለፈ ግን ውሃው ደረትን ስለሚጫነው ሳንባ ከላይ አየር ለመሳብ አቅም ያጣል። የሚያስፈልገው በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል ግፊት ያለው አየር፣ ያውም ሰውየው በሳበ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ይህን የሠራው በኗ ሩኬሮል የማዕድን መሐንዲስ ነበር። በ1860 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያሰበው አየሩ ለተበከለ የማዕድን ጉድጓድ እንጂ ለባሕር አልነበረም። ለባሕር ያዋለው ኋላ ኦጉስት ደኔሩዝ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ዡል ቬርን በ1870 ልብ ወለዱ ጠቀሰላቸው። ከዚያ መሣሪያው ተረሳ። በዚያ ዘመን ብዙ አየር አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር ስላልነበረ፣ ጠላቂው ከመርከብ በተዘረጋ ቱቦ ታስሮ ከመሥራት አልዳነም።

መሣሪያው እንደገና የተወለደው በችግር ቀን ነው። በ1942 ጀርመን ፓሪስን ይዟል፤ ቤንዚን የለም፤ መኪናው የሚሄደው በከሰልና በእንጨት ጋዝ ነው። የኤር ሊኪድ ኩባንያ መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን ለእነዚህ መኪናዎች ጋዝ የሚመጥን መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ዣክ ኩስቶ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን መጣበት። አመጣጡ በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ የኩስቶ አማት የዚያው ኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። ዘመድ እዚያም ይሠራል። ሁለቱ መቆጣጠሪያውን ለጠላቂ መተንፈሻ አስተካክለው ማርን ወንዝ ወስደው ሲሞክሩት፣ ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ያለ ልክ ይፈሳል፤ ቁልቁል ሲዘቀዘቅ ደግሞ ያፍነዋል። ጥፋቱ የመጣው ማስወጫው ከማስገቢያው አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል በመራቁ ነው፤ በዚያች አጭር ርቀት እንኳ የውሃው ግፊት ይለያያል። አቀራረቧቸው፤ ሠራ። በ1943 በጋ ኩስቶ በደቡብ ፈረንሳይ ዳርቻ ያለ ቱቦ፣ ያለ ገመድ ጠለቀ።

የሰው ልጅ ከባሕር ሥር እንደ ልቡ መተንፈስ ሲጀምር ምን አደረገ መሰላችሁ? ኩስቶ አንድ ዋሻ ውስጥ ሎብስተር አየ፤ እየለቀመ ከላይ ለምትጠብቀው ባለቤቱ ለሲሞን አቀበላት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። ዘመኑ የረሃብ ነበርና በዚህ አልፈርድበትም። በ1956 በካን ፌስቲቫል የወርቅ ዘንባባ ባገኘው ፊልሙ ላይ ግን ባልደረቦቹ ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በዲናሚት ሲያፈነዱ ይታያል። በዚህስ እፈርዳለሁ። እሱም ኋላ ላይ ከባሕር ጠበቆች ግንባር ቀደሙ ሆነ፤ በ1960 የኒውክሌር ቆሻሻ ሜዲትራንያን ውስጥ እንዳይጣል የተሟገተው እሱ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ማገላበጥ የጀመርኩት ቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤይላት ላይ፣ ለጀማሪ በሚፈቀድ ጥልቀት ከወረድኩ ወዲህ ነው። አስጠላቂዬ እዚያው እስራኤል የተወለደ የእኛው ልጅ ነበር፤ አማርኛው እብራይስጥ እብራይስጥ ይላል።

«ጋሼ፣ ሕጉ ሁለት ነው» አለኝ። «ትንፋሽ አይያዙ። ሌላም ነገር አይያዙ።»

«ታዲያ ምን ልያዝ?»

«ምንም። እኔ እይዝዎታለሁ» ብሎ የሲሊንደሬን አንገት ጨበጠ።

የመጀመሪያው ሕግ ቀልድ የለውም። ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከ10 ሜትር ቢነሳ እጥፍ ይሆናል፤ ከጥቂት ሜትርም ቢሆን ሳንባን ሊቀድድ ይችላል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ለኮራሉ ነው። ድንጋይ የሚመስለው ነገር እንስሳ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አፎች በገዛ ኖራቸው ላይ ተደርድረው ነው የሚኖሩት፤ ድቡልቡሎቹ በዓመት ቢያድጉ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያው አጠገቤ አንድ በቀቀን ዓሣ ኮራሉን በመንቁሩ ሲቆረጥም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ለዓሣው የተፈቀደ ነው። የፈጨውን መልሶ ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። የኔ እጅ በሄደች ቁጥር ግን ልጁ ቀስ አድርጎ ይመልሳታል።

እነዚህ የኤይላት ኮራሎች ሙቀት በመቻል የታወቁ ናቸው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ዘራቸው ከበረዶ ዘመን በኋላ ከደቡብ፣ በባብኤል መንደብ በኩል የመጣ ነው፤ ያንን የጋለ ደጃፍ ያላለፈው እዚያው ቀረ፣ ያለፈው ሰሜን ደረሰ። ይህን ለአስጠላቂዬ ብነግረው ሳቀና «እንደ አባቴ በሱዳን በኩል ማለት ነው» አለኝ።

ኤይላት የምትወርዱ ካላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ትንፋሻችሁን ልቀቁ። ትኬት የቆረጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ አውሮፕላን ውስጥ የአየሩ ግፊት 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሳሳ ይችላል፤ አዲስ አበባ ማለት ነው። አንዴ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከደጋገማችሁ 18 ሰዓት ሳትቆዩ አትሳፈሩ።