አራቱ አሃዞች ከየት መጡ?

ለጥር ሠርግ ከሜሪላንድ ወደ ሐሙሲት የሚመጣ የዘመድ ልጅ ክሬዲት ካርድ አያጣም፤ የሚያጣው ፒን ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ካርድ ሲገዛ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቀው የለም። ለዓመታት መፈረም ብቻ ይበቃው ነበር፤ ከ2018 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ታላላቆቹ የካርድ ኩባንያዎች የፊርማውንም ግዴታ አንስተውለታል። ባሕር ዳር ሄዶ ኤቲኤም ፊት ሲቆም ግን ማሽኑ አራት አሃዝ አምጣ ይለዋል። «ሲስተም የለም» ቢባል በተሻለው፤ እሱን አገሩ ሁሉ ስለለመደው አጽናኝ አያጣም ነበር።

አራት የመሆኑ ነገር የባንክ ሊቃውንት መክረው ያጸደቁት ይመስላል። አይደለም። ሰኔ 27 ቀን 1967 የባርክሌይስ ባንክ የገንዘብ ማሽን ለንደን፣ ኤንፊልድ በተባለ ሰፈር ሥራ ጀመረ። የማሽኑ አባት ጆን ሼፐርድ-ባረን የውትድርና መለያ ቁጥሩን ያስታውስ ስለነበር ስድስት አሃዝ አስቦ ነበር። ማዕድ ቤት ተቀምጠው ሚስቱን ካሮላይንን ቢጠይቃት ከአራት በላይ በቃሌ አልይዝም አለችው። ነገሩ በዚያው ጸና። ያ ማሽን ካርድ አይቀበልም ነበር፤ ደንበኛው የሚያስገባው ካርቦን 14 የተቀባ ቼክ ነው። ጨረሩ ሰው ይጎዳ እንደሆነ ያሰላው ሼፐርድ-ባረን፣ ጉዳት እንዲደርስ 136,000 ቼክ መብላት ያስፈልጋል ብሏል።

ፒንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ የሚል ሌላ ሰውም አለ፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ ካርድና የሚስጥር ቁጥር የሚያጣምረውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባው በግንቦት 1966 ነው፤ ኤንፊልድ ላይ ሪባን ከመቆረጡ ከአንድ ዓመት በፊት። የካርዱ ጀርባ ጥቁር መስመር ደግሞ የአይቢኤሙ ፎረስት ፓሪ ሥራ ነው። ማግኔታዊው ጥብጣብ ከፕላስቲኩ አልጣበቅ ብሎ ሲያስቸግረው ልብስ ትተኩስ የነበረችው ሚስቱ በካውያው ሞክረው አለችው፤ ተጣበቀ። የዘመኑ ባንክ ለሁለት ሚስቶች ያለበትን ዕዳ የሚመዘግብ ሒሳብ ሹም እስካሁን አልተገኘም።

ሩቅ አገር ያለ ሰው ገንዘቤን ያምንልኛል ወይ የሚለው ጭንቀት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከሐሙሲት በጎንደር መንገድ ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን አቅራቢያ ያለችው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን የሚዘዋወረው ብር የእቴጌ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው፤ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት የእቴጌይቱን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ አንዷ ከደበዘዘች አልቀበልም ይላል። ያኔ የሚስጥሩን ቁጥር የሚያውቀው ተቀባዩ ነበር፤ ዛሬ ሸክሙ ወደ ከፋዩ ዞረ።

ከሐሙሲት ወደ ዱባይ የሚሄደው ሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ፒኑን አሳምሮ ያውቃል። ከ2016 ጀምሮ በኢትስዊች በኩል የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን መጠቀምም ለምዷል። ይሁን እንጂ ለአገር ውስጥ የተሰጠው ካርድ ድንበር አይሻገርም፤ ለመንገድ የሚሆነው ባንኩ የውጭ ምንዛሬ የሞላበት ካርድ ነው። ይህን ሳይጠይቅ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ቁጥሩን ቢያስታውስም ባያስታውስም ልዩነት የለውም።

ለመጪው እንግዳ ጥቂት ነገር መንገር ተገቢ ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም የሚወጣ ጥሬ ብር ብድር ነው፤ ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ከወጣበት ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ለጥሬ ገንዘብ ዴቢት ካርድ ይሻላል። ማሽኑ ወይም ሱቁ በዶላር ላስላልህ ካለ በብር ይሁን ማለት ነው፤ የዶላሩ ስሌት ብዙውን ጊዜ ያስከፍላል። ከአራት አሃዝ የረዘመ ፒን ያለው ሰውም ባንኩን ያማክር። አራት ብቻ የሚቀበሉ ማሽኖች አሉ፤ የስዊዘርላንድ ባንኮች ግን ስድስት ይሰጣሉ። ብዙ የአሜሪካ ባንኮች የክሬዲት ካርድ ፒን የሚልኩት በፖስታ፣ ያውም ወደ ቤት አድራሻ ነው። ትኬት በተቆረጠበት ቀን ይጠየቅ።