እንጀራው ሲያንስ ወጡ ይብዛ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ነገ ማለዳ አብረን ቁርስ በልተን ስለምሸኝሽ የሰላምታውን ነገር ለያኔ ልተወው። አክስቶችሽ ባሉበት ግን የሆዴን መናገር አልችልምና ይህን ወረቀት ከሽሮው ከረጢት ውስጥ አድርጌዋለሁ። አዲስ አበባ ገብተሽ ዕቃሽን ስትፈቺ ታገኝዋለሽ።

«72 ኪሎ ሆኛለሁ፤ እቀንሳለሁ፣ ጂም ገብቼም ጡንቻ አወጣለሁ» ስትዪ አክስቶችሽ ምን እንዳሉ ሰምተሻል። «ምን ጎደለብሽ? ሥጋ ደርበሽ አምሮብሻል!» አትቀየሚያቸው። ክፉ ቀን አይተው ያደጉ ናቸው፤ ለእነሱ መክሳት ማለት ወይ በሽታ ወይ ችግር ነው። ስትመለሺም «ጠቆርሽ፣ ከሳሽ» ብለው «በሞቴ» እያሉ ያጎርሱሻል። ጉርሻውን ተቀበያቸው። አንድ ቀን የበላሽው ምንም አያበላሽም።

እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት ስለፈጀሁ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፦ ምግብሽን በጭፍን መቀነስሽን። ሰው ሲከሳ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም። ፕሮቲኑ ካነሰና ጡንቻው ካልሠራ ሰውነት ጡንቻውንም እያፈረሰ ይበላዋል። ከዚያ ሚዛኑ ቀንሶ ታያለሽ፤ ጉልበትሽ ግን አብሮ ወርዷል።

«ሯጮቻችን እንጀራና ሽሮ እየበሉ ዓለምን ያሸንፉ የለም ወይ?» ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አሥር የረጅም ርቀት ሯጮቻችን በሰባት ቀን የበሉትን መዝኖ ነበር። ከሚበሉት ካሎሪ 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ 12 በመቶ ገደማው ብቻ ከፕሮቲን ነው። ያም ሆኖ በቀን 99 ግራም ፕሮቲን ያገኛሉ፤ ይህም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 1.8 ግራም ይደርሳል። እንዴት? ብዙ ስለሚበሉ ነዋ! በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበላሉ፣ በሩጫም ያቃጥሉታል። አንቺ ደግሞ 1,700 ላይ ልቆም ነው ትያለሽ። ያንኑ ሳህን ብትቆርሺው ፕሮቲኑም አብሮ ይቆረሳል፤ የሚተርፍሽ 53 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለአዋቂ ሰው ያስቀመጡት በኪሎ 0.83 ግራም ነው፤ ለ72 ኪሎ ወደ 60 ይጠጋል። ከዚያም በታች ትወርጃለሽ ማለት ነው፤ ያውም ያ ልክ የተቀመጠው ክብደቱን ጠብቆ ለሚኖር ሰው እንጂ እየከሳ ብረት ለሚያነሳ አይደለም።

ጡንቻ ለሚገነባ ሰው 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ በ2018 የወጣ ሥራ (ይህም በፈረንጆቹ ነው) ያገኘው ልክ በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ነው። ልትደርሺበት በምትፈልጊው 63 ኪሎ ብናባዛው 100 ግራም ይሆናል። ያንን ይዘሽ ተነሺ። ካናዳ ውስጥ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ 40 ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ምግባቸው በ40 በመቶ ተቀንሶ በሳምንት ስድስት ቀን ከባድ ስፖርት ሠርተው ነበር። በኪሎ 2.4 ግራም ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ ጥለው ከስብ ውጪ ያለው ሰውነታቸው በ1.2 ኪሎ ጨመረ። ግማሹን ፕሮቲን የበሉት ደግሞ 3.5 ኪሎ ስብ ጣሉ እንጂ ጡንቻቸው ባለበት ቀረ። የአንቺ መንገድ እንዲህ የከረረ እንዲሆን አልመክርም። ይህን የማወራሽ ስብ መቀነስና ጡንቻ መጨመር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ እንድታውቂ ነው፤ በተለይ እንደ አንቺ ገና ለሚጀምር ሰው።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። 100 ግራም ፕሮቲን ከ1,700 ካሎሪ ለማግኘት ከየመቶው ካሎሪ 6 ግራም ያህል ያስፈልግሻል። ይህን ቁጥር ያዢውና ገበያ ስትወጪ ምግቡን ሁሉ በእሱ መዝኝው። ጤፍ በመቶ ካሎሪ ከ4 ግራም በታች ነው፤ ገብስም ከዚያ አይርቅም። ስለዚህ ስንቅ ያደረግሁልሽ በሶ የመንገድ ኃይል እንጂ የጡንቻ ምግብ አይደለም፤ ለዳባትና ለደባርቅ አራሽ ተስማምቶት ይሆናል፣ ወንበር ላይ ለምትውይው ለአንቺ ግን ጥቂቱ ይበቃል። ሽምብራ 5 ይሻገራል፣ ምስርና ባቄላ 7 ይደርሳሉ፣ አኩሪ አተርና እንቁላል ከ8 በላይ ናቸው። የቆሮሶ ዓሣ ወደ 20 ይጠጋል። ጎርጎራ ብቅ ስንል የምንበላውን የጣና ቆሮሶ አስታውሺው፤ ከእሱ የሚሻል የለም፣ በዘይት ካልተጠበሰ።

ለውዝና ሰሊጥ «ፕሮቲን ነው» እየተባሉ ይሸጡልሻል። አላቸው፤ ግን ከካሎሪያቸው ከግማሽ በላዩ ከስብ ነው። ዘይቱ ራሱ ደግሞ ምንም ፕሮቲን ሳይኖረው አንድ የሾርባ ማንኪያው 120 ካሎሪ ነው። የእኛ ቤት ወጥ ሲሠራ ዘይት የሚለካ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልለካም። አንቺ ግን ለራስሽ ስትሠሪ ለኪ። እንጀራውን ከመቀነስ በፊት ዘይቱን መቀነስ ይቀላል።

የፍስክ ቀን ችግር የለብሽም። ጠዋት ሁለት እንቁላል ከአይብ ጋር ብዪ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ ነው፤ የሰው ልጅ ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም። ምሳ ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ምስር በግማሽ እንጀራ፣ ማታ ስብ የሌለው ሥጋ ወይም ዶሮ ከጎመን ጋር፣ መሐል ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ። ሥጋውን አብስዪው። የኮሶ ትል ያደከመውን ሰው ስንቴ እንዳየሁ ታውቂያለሽ፤ ቁርጥ የፕሮቲኑን መጠን አይጨምርም።

የጾሙ ነገር ነው የሚከብደው። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ ለምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይሆናል። 100 ግራሙን ከጥራጥሬ ብቻ እሞላለሁ ብትዪ ከ400 ግራም በላይ ደረቅ ምስር፣ ወደ 1,400 ካሎሪ ይፈልጋል፤ ሆድሽም ይነፋል። በጾም 80 ከደረስሽ ይበቃል፤ ያኔ ያለሽን ጡንቻ ጠብቂ፣ መጨመሩን ለፍስክ ተይው። እልበት፣ ንፍሮ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ግብጦ ሁሉም ይረዳሉ። ግብጦውን መራራው እስኪወጣ ውሃ እየቀያየርሽ ዘፍዝፊው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነም ብረት የምታነሺው ከበላሽ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ። ለመክሳት ብለሽ ግን አትጹሚ፤ ጾም ለዚያ አልተሠራም።

የላክሁልሽ ሽሮ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ነው፤ ከአምስት እጅ አንዱ የተቆላ አኩሪ አተር ነው። ድሮ ስንማር ለሕፃናት ፋፋ እንድንመክር ይነገረን ነበር፤ እህል፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት ማለት ነው። እህሉ የሚያንሰው ላይሲን በጥራጥሬው ይሞላል፣ ጥራጥሬው የሚያንሰው ሜታዮኒን በእህሉ። እንጀራ በሽሮም ያው ነው፤ ስለዚህ እንጀራውን ጨርሰሽ አታባርሪው። ሽሮው ሲያልቅብሽ ከማታውቂው ሰው ርካሽ ሽሮ አትግዢ፤ ጓያ ይደባለቅበታል። አልፎ አልፎ ቢበላ አይጎዳም፣ ግን በደንቢያና በፎገራ በችግር ዘመን ለወራት ጓያ ላይ የኖሩ ሰዎች እግራቸው ተሽመድምዶ ቀርቷል። አንቺ ደግሞ ከማንም በላይ ሽሮ ልትበዪ ነው።

ስለ ስፖርቱ ብዙ አላውቅም። በሳምንት ሦስት ቀን ከባድ ነገር አንሺ፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ይጨምር፤ መራመድሽንም አትተዪ። አብዛኛው የዱቄት ፕሮቲን ከወተት ስለሚወጣ ለጾም አይሆንም፤ በፍስክ ደግሞ ከእንቁላሉ ጋር ዋጋውን አስልተሽ ወስኚ።

ከዕለት ምግብሽ 500 ካሎሪ ብታጎድዪ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ አትቸኩዪ። ሚዛን ላይ ጠዋት ጠዋት ውጪ፣ ወገብሽንም በሜትር ለኪ፤ ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ እየጠበበ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። በሳምንት ከኪሎ በላይ እየወረድሽ የምታነሺው ብረት ከከበደሽ ምግብ ጨምሪ። የወር አበባሽ ከተዛባ ወይም ከቀረ ደግሞ መቀነሱን በዚያው ቀን አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከሐኪሙ ስትወጪ ለእኔ ደውዪልኝ፣ አክስቶችሽ ሳይሰሙ።

እናትሽ